የጉድጓዱ ድርሻ

ቻነን ሲንግ መሬቱን ከወንድሙ ጋር የሚካፈልበት ቀን አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው እህል አልወርድ አለው። ሚስቱ ጊያን ኮር ሆዱን ነፍቶት ነው ብላ አሬራ በጨውና በከሙን በጥብጣ አቀረበችለት፤ ቀምሶ መለሰው። ሆዱስ ደህና ነበር። አላስበላ ያለው ሐሳብ ነው፤ ሐሳቡ ደግሞ ለሚስቱም ለማንም የሚያወራው ዓይነት አልነበረም።

በመንደራቸው በኮትላ ሚራን ወንድማማቾች ሲለያዩ ከፋዩ ታላቁ ነው፣ መራጩ ታናሹ። ታላቁ መሬቱንም ቤቱንም ከብቱንም፣ ያለውን ሁሉ፣ ሁለት ድርሻ ያደርግና ለእያንዳንዱ ድርሻ አንድ ጡብ ሽማግሌዎች ፊት ያኖራል። ታናሹ ተነሥቶ ከሁለቱ ጡቦች በአንዱ ላይ እጁን ያሳርፋል። አበቃ። ከዚያ ወዲያ ታላቁ ትንፍሽ ማለት አይችልም። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ ለአንዱ ድርሻ ያደላ ታላቅ የከፋው እዚያው እጁ ላይ ይቀርበታል። ስለዚህ ማንም ሰው አስተካክሎ ይከፍላል ተብሎ ይታመናል። መታመኑ ደግ ነው። ግን ደንብ ባለበት ሁሉ እንዴት አድርጌ ልጠምዝዘው ብሎ የሚያሰላስል ሰው አይጠፋም፤ ያን ሰሞን ያ ሰው ቻነን ነበር።

ያላቸው መሬት በአገሩ ስፍር ሃያ አራት ኪላ ነው። አሥራ ሁለቱ በአሮጌው ቤት ዙሪያ ነው፤ መካከሉ ላይ አያታቸው ናታ ሲንግ የቆፈረው የውሃ ጉድጓድ አለ። ናታ ሲንግ ሲቆፍር ከሁለት የሚስቱ ወንድሞች በቀር ያገዘው አልነበረም። ውሃው ብቅ ያለ ዕለት ከታች ሆኖ የለቀቀውን ጩኸት የሰሙ መንደርተኞች ሰው ሞተ ብለው ሮጠው መጡ ይባላል። እሱ ሲሞት ታላቅ ልጁ ኪሸን ከፈለ፣ ታናሹ ቡር ሲንግ ጉድጓዱን መረጠ። ኪሸን ድርሻውን ሸጦ ወደ ሌላ አገር ሄደ፣ ዘሩም እዚያው ቀረ። ቡር ሲንግ የእነ ቻነን አባት ነው። እሱም ሲለፋ ኖሮ ከመንደሩ ወዲያ ጫፍ፣ ጨው የበላውንና ማንም ዞር ብሎ የማያየውን ሌላ አሥራ ሁለት ኪላ ጨመረ። እዚያ መሬት ላይ የሚዘራው ስንዴ ከሰው ጉልበት በላይ አድጎ አያውቅም። ቡር ሲንግ በሞተ በአራተኛው ዓመት ግን መንግሥት አስፋልት ዘረጋና መንገዱ ልክ በጨዋማው መሬት ጎን አለፈ። በአንድ በጋ የመንደሩ ክፉ መሬት የመንደሩ ውድ መሬት ሆኖ ቁጭ አለ። የእህል ገበያ እዚያ ሊተከል ነው የሚል ወሬም ተከተለ፤ ወንድማማቾቹም ሳያመነቱ ሦስት ክፍል የጡብ ቤት ሠሩበት።

ቻነን ያንን የጡብ ቤት አይወደውም ነበር። አምሳ አራት ዓመቱ ነው። በሰባት ዓመቱ ከጉድጓዱ አፍ ላይ መዘውሩን የሚያዞሩትን በሬዎች ይነዳ ነበር፤ አሁን በበሬዎቹ ፋንታ የውሃ ሞተር ቢተከልም እሱ ከዚያ ዙሪያ አልራቀም። የትኛው ጥግ ውሃ እንደሚይዝ፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚሰነጠቅ፣ ሸንኮራው የት ላይ ጣፋጭ እንደሚሆን በእግሩ ያውቀዋል። ከሰው ጋር ሲሆን ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው፤ ከመሬቱ ጋር ግን ሲያወራ ብዙ ሰው ሰምቶታል። ጉድጓዱ ከእጁ ከወጣ ምን እንደሚሆን ለማሰብ ሞክሮ አላሰበውም፤ ሐሳቡ እዚያ ሲደርስ ይቆምበታል።

ታናሹ ናዛር አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። አሥራ አምስት ዓመት የጦር ሠራዊት ሹፌር ሆኖ ቆይቶ የተመለሰው ሹል ጢምና ሰዓቱን በየደቂቃው የማየት ልማድ ይዞ ነው። የሚያወራው ስለ መንገድ ነው። አስፋልቱ ዳር የጭነት መኪና መጠገኛ ቢከፈት፣ ነዳጅ ማደያ ቢመጣ፣ ሻይ ቤት ቢኖር እያለ ሲያወራ መንደሩ ጆሮውን ደፍኗል። ናዛር መንገዱን እንደሚመርጥ ሳር ቅጠሉ ያውቃል። ታዲያ ቻነንን እህል የነሳው ምንድን ነው?

አንዲት ጥያቄ ናት። ከወር በፊት ቻነን ከእርሻ ሲመለስ ናዛርን ሞተሩ ከሚተፋው ውሃ ሥር ቁጢጥ ብሎ በእፍኙ ሲጠጣ አገኘው። ናዛር ጢሙን ጠረገና፣ «ጋሼ፣ የዚህ ውሃ ጣዕም አልተለወጠም አይደል?» አለው። ቻነን አልተለወጠም አለው። ይኸው ነው፣ ሌላ የተባለ ነገር የለም። መንገድ የሚፈልግ ሰው ግን የውሃ ጣዕም ምን አገባው? ያቺ ጥያቄ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቻነን ውስጥ እንደ እሾህ ተሰክታ ቀረች።

ስለዚህ በጉድጓዱ ድርሻ ላይ ናዛር የሚሸሸው ነገር መጨመር አለበት። ምን ይጨመር? ትራክተሩን ለመንገዱ ቢያደርገው ናዛር መኪና ስለሚወድ ይጎትተዋል፤ እሱንስ አደረገው። ሦስቱን ጥሩ የወተት ጎሾች ለመንገዱ አደረገ፤ የጉድጓዱን ድርሻ አንዲት አሮጊት ጎሽና ጥጃዋ ደረሱት። አሁንም አልበቃውም። ከዚህ በላይ ካዘነበለ ደግሞ በሽማግሌዎቹ ፊት ዓይን ያወጣ ይሆናል። እህል አልወርድ ባለው በሰባተኛው ቀን ወደ ሸንኮራው ውሃ እየመራ ሳለ ነገሩ መጣለት። ራሱ መጣለት እንጂ እሱ አልፈለገውም፤ በኋላ ለራሱ እንደዚያ ብሎ ነበር።

እናታቸው ኢሻር ኮር አለች። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፣ መንደሩ እንዳለ ቤቤ፣ እማማ እንደማለት፣ እያለ ይጠራታል። ወንድማማቾች ሲለያዩ እናት ከየትኛው ድርሻ ጋር እንደምትኖር አብሮ መነገር አለበት፤ ያልተነገረች እንደሆነ መጦሪያ አጥታ በየደጁ ልትዞር ነው። የናዛር ሚስት ሚንዶ ደግሞ ከቤቤ ጋር ከተኳረፉ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። ጠቡ የተነሣው በአንድ ሠርግ ላይ ነው፤ ቤቤ ሴቶች በተሰበሰቡበት የሚንዶ ወገኖች ለእንግዳ ቂጣ የሚያቀርቡት ቆጥረው ነው አለች። ሚንዶ በማግስቱ ጭቃ አቦክታ በግቢው ወዲያኛው ጥግ የራሷን ምድጃ ሠራች። ከዚያ ወዲህ በአንድ ግቢ ሁለት ጭስ ይወጣል። ሁለቱ ሴቶች ማውራት ግድ ሲሆንባቸው በጎሿ በኩል ነው የሚነጋገሩት። ቤቤ መንገድ ላይ ቆማ እንደሆነ ሚንዶ ወደ ጎሿ ዞራ «አንቺ ዕድሜ ያልገራሽ፣ ዞር በይልኝ» ትላታለች። ቤቤም ለጎሿ «አንቺስ ብትሆኚ የት ልትደርሺ ነው» ብላ ትመልሳለች። ጎሿ የማንንም አትሰማም።

ሚንዶ ጠንካራ ሴት ናት፤ ናዛር ደግሞ በሠራዊቱ ውስጥ ምን እንደነበር አይታወቅም እንጂ በቤቱ ከሚስቱ ቃል አይወጣም። ቤቤ ከጉድጓዱ ጋር ከተደረገች ሚንዶ ጉድጓዱን አታስነካውም። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር። ደግሞም ሲነገር ያምራል፤ አሮጊት እናቱን ከኖረችበት ቤት አላፈናቅልም ያለ ታላቅ ልጅ ማን ይወቅሰዋል?

ለቤቤ ራሱ ነገራት። ግቢው ውስጥ በገመድ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ከአጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ቤቤ፣ አንቺን ከጉድጓዱ ጋር ላደርግሽ ነው» አላት። «ከቤትሽ ማንም አይነቀንቅሽም።»

ቤቤ ጠጠር ለቅማ ጣለች። «ናዛር የቱን እንዲመርጥ ነው የምትፈልገው?»

«ደስ ያለውን ይምረጥ።»

«አንተስ?»

«እኔ ከፋይ ነኝ። ከፋይ ምን ፈቃድ አለው?»

ቤቤ ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ሞራ የጀማመረው ቢሆንም አተኩራ ማየት አልተወችም። ከዚያ ወደ ምስሯ ተመለሰች። ቻነን ደስ ያላት መሰለው። ያን ዕለት ምሳ አራት ቂጣ በላ፤ ጊያን ኮር ከሙኑ ነው ያዳነህ አለችው።

የመካፈያው ቀን ስንዴ ገብቶ ባለቀ በሳምንቱ ነበር። ከኒሙ ዛፍ ሥር የገመድ አልጋዎች ተደርድረው አምስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ የመሬት መዝጋቢውም ካርታውን የያዘ ጨርቁን ጠቅልሎ መጣ። ትልቁ ሽማግሌ ባባ ማግገር ሲንግ ዘጠና ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም። ከአሥር ልጆቻቸው ጋር ሲካፈሉ ኖረው በመጨረሻ ጆሯቸውንም አካፍለው ጨርሰዋልና ጮክ ብላችሁ አውሩ ብለው ሰውን አሳቁት። ሴቶቹ ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጠዋል። ቤቤ ብቻ አሮጊት ናትና ወዲህ፣ ከወንዶቹ ኋላ፣ አልጋዋ ላይ ነበረች።

ቻነን ሁለቱን ጡቦች በመካከል አኖረ። የመንገዱን ድርሻ መጀመሪያ ዘረዘረ፤ አሥራ ሁለቱን ኪላ፣ የጡቡን ቤት፣ ትራክተሩን፣ ሦስቱን ጎሾች። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ የጉድጓዱን ድርሻ ዘረዘረ፤ አሥራ ሁለቱን ኪላ፣ አሮጌውን ቤት፣ ሞተሩን፣ አሮጊቷን ጎሽና ጥጃዋን። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ቤቤም ከዚህኛው ጋር ናት» አለ። «በሙሽርነቷ የገባችበት ቤት ነው። ይህን ድርሻ የወሰደ ቤቤን ይጦራል።»

ሽማግሌዎቹ መካከል የማድነቅ ጉምጉምታ ተሰማ። አንደኛው፣ ልጅ ማለት እንዲህ ነው አለ። ባባ ማግገር ያልሰሙትን አስደግመው ሰሙና እሳቸውም መረቁት። ቻነን አንገቱን ደፍቶ ምርቃቱን ተቀበለ። እፍረት የሚባል ነገር ሽው ብሎበት እንደሆነ ያን ጊዜ ነው፤ ግን አልቆየበትም። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነበር። ከግድግዳው በላይ የሚንዶ ሻርፕ ይታያል፤ እስከ አገጯ ድረስ ወርዷል፣ አይንቀሳቀስም።

«ናዛር፣ ተራህ ነው» አሉ ባባ ማግገር።

ናዛር ተነሣ። እንደ ልማዱ ሰዓቱን አየ። ወደ ጡቦቹ ሄደ፣ ከመንገዱ ጡብ አጠገብ ደረሰ፣ አለፈው። ጎንበስ ብሎ እጁን የጉድጓዱ ጡብ ላይ አሳረፈ። በዚያው ትንሽ ቆየ፤ ጡቡን ፀሐይ ስለመታው እጁን የሚያቃጥለው ይመስል ነበር፣ ግን አላነሣውም።

ቻነን ብድግ አለ። «ናዛር፣ መንገዱ እኮ…» ሲል ባባ ማግገር ከዘራቸውን አነሡበት።

«ከፋይ አፍ የለውም» አሉት። ጆሯቸው ይህን ለመስማት አልቸገረውም።

ናዛር ቀና አለ። ወንድሙን ፊት ለፊት ሳያየው፣ «ቤቤ ያለችበትን ወስጃለሁ» አለ። መዝጋቢው ጨርቁን ዘርግቶ መጻፍ ጀመረ።

በደንቡ መሠረት ታላቁ በገዛ እጁ ቁራሽ የሸንኮራ ስኳር በታናሹ አፍ ያኖራል። ቻነን አኖረ። ሰው ሁሉ እየመጣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ ዕድለኛ ነህ አሉት፣ መንገዱ ለአንተ ቀረ፣ ወንድምህ ሞኝ ነው አሉት። አንዱ ጎረቤት እንዲያውም የገበያው ነገር ከተሳካ ቻነን በጥቂት ዓመት ውስጥ የራሱን ስም የማያስታውስ ሀብታም እንደሚሆን ተናገረ። ቻነን ለሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ቆይቶ፣ ሰዉ ሻይ ሲቀርብለትና ወሬው ወደ ዝናብ ሲዞር፣ ተነሥቶ ቤቤ ወዳለችበት ክፍል ገባ።

ቤቤ ከአልጋዋ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገብታ ነበር። መሬት ላይ ተቀምጣ የእግሯን ጣቶች ታሻለች።

«ቤቤ፣ ናዛር ምን ሆኖ ነው?»

«ምን ይሆናል? መረጠ።»

«እሱ መንገዱን ነበር የሚፈልገው። አገር ያውቃል።»

«አንተም እንደዚያ ብለህ ነው የከፈልከው።»

ቤቤ እጇን መሬት ላይ ተክላ ተመቻቸችና ስለ አጎቱ ስለ ኪሸን ነገረችው። እሷ ሙሽራ ሆና በገባች በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ቻነን ገና አልተወለደም። ኪሸን ጉድጓዱን ለራሱ ፈልጎት ነበር። እንዳይወሰድበትም ከጉድጓዱ ድርሻ ጋር አንካሳውን በሬ አደረገ፤ ማንም ገበሬ የማያርስ በሬ ልቀልብ አይልም ብሎ። ቡር ሲንግ በሬውንም ጉድጓዱንም ወሰደ። በሬው እስኪሞት ሦስት ዓመት ቀለበው፣ አንድ ቀን እንኳ ቀንበር አላስነካውም።

«ያን ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ» አለች ቤቤ። «ዛሬ ደግሞ ከድርሻው ውስጥ ሆኜ አየሁት።»

«ቤቤ፣ እኔ አንቺን እንደ በሬ… እንደዚያ አስቤ አይደለም።»

«አስበሃል። ልጄ ነህ፣ ፊትህን አውቀዋለሁ። ምስሩን ስለቅም መጥተህ ከቤትሽ አትነቀነቂም ስትለኝ ፊትህ የአጎትህ ነበር።» የተናገረችው ሳትቆጣ ነው። ቢቆጡበት ይሻለው ነበር።

«ሚንዶ አትፈልግሽም ብዬ ነው» አለ በመጨረሻ፤ ውሸቱ አልቆበት።

«አዎ። የመዘንከው እሱን ነው።»

«ታዲያ እንዴት እሺ አለች? እሷ ሳትፈቅድ ናዛር እጁን አያነሣም።»

«ሄጄ ለመንኳት።»

«አንቺ?»

«እኔ። ጎሿን አይደለም፣ ራሷን ነው ያናገርኳት። አንተ በነገርከኝ ማግስት ምድጃዋ ድረስ ሄጄ ከፊቷ ተቀመጥኩ። ክፉ ተናግሬሻለሁ፣ ወገኖችሽንም አዋርጃለሁ፣ ግን ውሰጂኝ አልኳት።»

ቻነን እናቱ ሰው ስትለምን አይቶ አያውቅም። አባቱ የሞተ ዕለት እንኳ አስከሬኑን የሚሸከሙትን ወንዶች እየጠራች ታዝዝ የነበረች ሴት ናት።

«ለምን ቤቤ? ናዛር መንገዱን ቢወስድ ከእኔ ጋር እዚሁ ትኖሪ አልነበረም ወይ? ምን ጎደለብሽ?»

«እኖር ነበር» አለች። «ቂጣም አታሳጣኝም፤ ያንን አውቃለሁ። ግን ሁለት ልጅ ወልጄ አንዱ ማስፈራሪያ አድርጎኝ፣ ሌላው ፈርቶኝ ሸሽቶ፣ የተረፍኩ ሆኜ አንተ ዘንድ ልቀመጥ? በየማለዳው ፊትህን እያየሁ? ተለምኖም ቢሆን አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ እንዲወስደኝ ፈለግሁ። በቃ። አሁን ውጣ፣ ሰው እየጠበቀህ ነው።»

ቻነን ጎንበስ ብሎ እግሯን ነካ። እጇን ራሱ ላይ አኖረች፤ ኑርልኝ አለችው፣ ሁልጊዜ እንደምትለው። ይቅርታ አድርጋለት እንደሆነ ከድምፅዋ ሊለየው አልቻለም።

ከአሮጌው ቤት የወጡት በአራተኛው ቀን ነው። ጊያን ኮር ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም፤ የጡቡ ቤት የሲሚንቶ ወለል አለው፣ በር ላይ ቆሞ አውቶቡስ መሳፈር ይቻላል። ትራክተሩ ሳጥኖቹን፣ አልጋዎቹንና የመኖ መክተፊያውን በተሳቢው ጭኖ ሲወጣ ናዛር ራሱ መጥቶ ገመዱን አጠባበቀ። ወንድማማቾቹ ስለ ገመዱ ተነጋገሩ፣ ስለ ሌላ ነገር አልተነጋገሩም። ናዛር ግን ተሳቢው ሊንቀሳቀስ ሲል፣ «ጋሼ፣ ሸንኮራውን መቼ መቼ እንደማጠጣ ትነግረኛለህ» አለው። ቻነን እነግርሃለሁ አለ። ያን ጊዜ ነው እንባው የመጣው፤ በጥምጥሙ ጫፍ አቧራ እንደገባበት ሰው ጠረገው።

በአዲሱ መሬት ላይ ሥራ አላጣም። ጨው የበላውን አፈር ለመግራት ፍግ አስፈሰሰ፣ ቦይ አስቆፈረ። በመንገዱ ላይ የጭነት መኪኖች ሲያልፉ ጥሩንባቸው እስከ ደረቱ ይሰማዋል። ሰዎች መጥተው ሱቅ ብትከፍት ይሉታል፤ ያዳምጣል፣ ሻይ ያስቀርባል፣ መልስ አይሰጥም። አንዳንዴ ሳያውቀው እግሩ አስፋልቱን ተሻግሮ ወደ አሮጌው ቤት ይወስደዋል፣ መንገድ ላይ ሲነቃ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ስለ ሸንኮራው ለመንገር እስከ እርሻው ጫፍ ሄዶ ናዛርን አገኘውና በየስንት ቀኑ እንደሚጠጣ አስረዳው። ናዛር በትንሽ ደብተር ጻፈ። ሸንኮራ በደብተር አይጠጣም ሊለው አፉ ላይ ደርሶ ዋጠው።

በሃያኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ የረሳሁት መኮትኮቻ አለ ብሎ ወደ አሮጌው ቤት ሄደ። መኮትኮቻ አልረሳም። ደጁ ላይ ቆሞ አሳለ፤ ታላቅ ወንድም ወደ ታናሹ ቤት ሲገባ የታናሹ ሚስት ፊቷን እንድትሸፍን ማሳል አለበት። በገዛ ግቢው ውስጥ ሲኖርም ያስል ነበር፣ ግን ያኔ እያሳለ ይገባል እንጂ ቆሞ አይጠብቅም። አሁን ቆሞ ጠበቀ።

«ግባ፣ ሚንዶ የለችም» አለች ቤቤ ከውስጥ። «ልብስ ልታጥብ ጉድጓዱ ጋ ወርዳለች።»

ግቢው ተጠርጓል። በወዲያኛው ጥግ የነበረው የሚንዶ ምድጃ ፈርሶ ጭቃው ብቻ ቀርቷል፤ የሚጨሰው አንድ ምድጃ ነው። ቤቤ የገመድ አልጋ አወጣችለት፣ ተቀመጥ አለችው። ከስታለች ብሎ አየት አደረጋት፤ አልከሳችም። ስለ ጊያን ኮር ጠየቀችው፣ ስለ ፍጉ ጠየቀችው፣ መኪኖቹ ያስተኙህ እንደሆነ አለችው። ለሁሉም ደህና ነው አላት። ከዚያ ተነሥታ ሁለት ቂጣ፣ ምስርና ግማሽ ሽንኩርት በሰሃን አምጥታ ጭኑ ላይ አኖረችለት። ቻነን ቂጣውን ይዞ ቆየ። በሕይወቱ ሙሉ እናቱ ቂጣ ስትሰጠው ሳትጠይቀው ከጓዳ ቅቤ በጣቷ ዝቃ መሐሉ ላይ ትጭንበት ነበር። አሁን ግን እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ብላ እንጂ» አለችው። «ቅቤ ከፈለግህ ትንሽ ታገሥ፣ ሚንዶ ስትመጣ ትቀባልሃለች።»

ያን ጊዜ ነው አንገቷን ያየው። የጓዳው ቁልፍ የለም። አማቷ፣ የናታ ሲንግ ሚስት፣ በጥቁር ክር አድርጋ ያሰረችላት ቁልፍ ነው፤ ከአምሳ ዓመት በላይ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ዱቄቱም፣ ቅቤውም፣ ስኳሩም በዚያ ቁልፍ ሥር ነው። ከቤቱ ሰው ማን ምን ያህል እንደሚበላ የምትወስነው እሷ ነበረች፣ ጊያን ኮር እንኳ በሠላሳ ዓመት ትዳሯ አንድ ቀን ነክታው አታውቅም። ክሩ ያረፈበት ቦታ ከቀረው ቆዳዋ ነጣ ብሎ ይታያል።

«ቤቤ፣ ቁልፉስ?»

«ሚንዶ ጋ ነው።»

«መቼ ሰጠሻት?»

«ልለምናት የሄድኩ ዕለት» አለች፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ የተጠየቀች ይመስል። «እናንተ እስክትወጡ አንገቴ ላይ እንዲቆይ ተወችልኝ እንጂ። ምን ይዤ ልለምናት ኖሯል? ባዶ እጅ?»

ቻነን ሁለቱንም ቂጣ ደረቁን በላ።